ደፋርን አዝዬ ከሰቆጣ ስመለስ

ከፃግብጂ የወጣሁት ገና ሲነጋ ነው፤ ውሻችንን ደፋርን በገመድ እየሳብኩ። ቆላ ያለችው የእህቴ ልጅ በካላዛር ሆዷ አብጦ ሆስፒታል ገብታ ነበር። በሽታውን የምታመጣው ትንሽ ዝንብ ናት፣ ውሻንም ሊይዝ ይችላል ሲሉን ነፍሴ ወጣች። ልጄ ስንዱ ደፋርን አቅፋ ነው የምትተኛው። አባቷ "ውሻው ይወገድ" አለ። እሷ እህል አልቀምስ አለች። "መድኃኒት ካለው ልይለት፣ ከሌለው ያልከው ይሁን" ብዬው ወጣሁ።

መንገዳችን ላይ ያለውን ወንዝ ደፋር ቀድሞኝ ዋኝቶ ተሻገረ። ከዚያ በአይሱዙ፣ ከማር ጀሪካንና ከፍየሎች ጋር ሆነን። ረዳቱ "እትዬ፣ ይሄ መታወቂያ አለው?" እያለ ሲስቅብን ሰቆጣ ገባን።

ሰቆጣ

የከብት ሐኪሟ ወጣት ናት። የደፋርን ዓይን፣ ጥፍርና ቆዳ አየች። "ምልክት የለበትም" አለችኝ። ትከሻው መሐል ፀጉሩን ከፍላ መድኃኒቱን ቆዳው ላይ አንጠባጠበች።

"ዝንቧን ያባርርለታል። እስኪደርቅ አይንኩት። ሁለት ቀን ውሃ እንዳያገኘው። በወሩ ይደገማል። ልጅቷ ግን ለብቻዋ፣ አጎበር ውስጥ ትተኛ።"

"ውሃ እንዳይነካው ከላይ ቅቤ ልቀባው?"

"ቅቤውን ለራስዎ ፀጉር ያድርጉት እትዬ" ብላ ሳቀች።

ወንዙ ዳር

ወንዙ ትዝ ያለኝ ስደርስ ነው። መድኃኒቱ ደርቋል፤ ደፋር ግን ውሃ ካየ አይመለስም። በነጠላዬ እንደ ልጅ አዘልኩት። ከማዶ አንድ ሽማግሌ ቄስ ቆመው አዩኝ።

"አንቺ፣ ውሻ ነው ያዘልሽው?"

"አዎ አባ። መድኃኒት ተቀብቷል፣ ውሃ አይንካው ተብዬ ነው።"

"ነገ ቅዳሴ ልትመጪ ነው ደግሞ።"

"ታጥቤ እመጣለሁ አባ። እርስዎ ብቻ መንገዱን ይልቀቁልኝ።"

መሐል ላይ ድንጋዩ ከዳኝ። ቄሱ እየሳቁ እስከ ጉልበታቸው ገብተው መቋሚያቸውን ዘረጉልኝ፤ ጫፉን ይዤ ወጣሁ። ደፋር ጆሮዬን ላሰኝ።

ቤት

ስንዱ ሮጣ መጣች። "ከዛሬ ጀምሮ አቅፈሽው አትተኚም" ስላት አለቀሰች፤ ግን በላች። ካላዛርን መፍራቴን አልተውኩም። የምፈራው ዝንቧን እንጂ ደፋርን አለመሆኑን ግን ይሄ መንገድ አስተማረኝ።

አባቷ የደፋርን ትከሻ ጎንበስ ብሎ አየ።

"መድኃኒት ያልሽው ይቺ ናት? ዓይን አትሞላም።"

"ወር ትቆያለች።"

"ከዚያስ?"

"ደግሞ ሰቆጣ ነዋ።"

ቀና አለና "ወንዙ ከሞላ አንቺ አትችይውም" አለኝ። "እኔ አዝለዋለሁ።"