የሂልዳ ሱቅና የመጀመሪያው ዘፈን

በሼፊልድ ከተማ፣ ከብረት ማቅለጫዎቹ ወደ ገበያው በሚወጣው ዳገት ላይ፣ ሂልዳ ኤክሮይድ የምትባል የሙዚቃ ሸክላ የምትሸጥ ባለ ሱቅ ነበረች። ሱቁን የከፈተው ባሏ ነው፤ ሬዲዮ ይጠግንበት ነበር። እሱ ሲሞት ዘመዶቿ «ሽጪውና እፎይ በይ» አሏት። እሷ ግን ሬዲዮዎቹን ለየባለቤታቸው መለሰችና መደርደሪያውን በሸክላ ሞላችው። ሮክ የሚባለው ሙዚቃ ገና አባትና ልጅ የሚያጣላበት ዘመን ነበር። ሂልዳ በቤተ ክርስቲያን መዘምራን መሀል ያደገች፣ ፀጉሯን በየሳምንቱ የምትሠራ፣ ሻይዋን ወተት አብዝታ የምትጠጣ ሴት ናት። ጊታር ሲጮህ ግን ከጎረምሶቹ እኩል ደሟ ይሞቃል፤ ይህንንም ከማንም ደብቃ አታውቅም።

ከአልበም ሁሉ የምታከብረው የመጀመሪያውን ዘፈን ነው። መርፌው መጀመሪያ የሚያርፍበት የሸክላው ዳር ላይ፣ ድምፁ ከመሀሉ ይልቅ ጠርቶና ጎልቶ ይወጣል። ያንን ቦታ በደካማ ዘፈን ያባከነ ባንድ በእሷ ዘንድ ምሕረት የለውም።

«የመጀመሪያ ዘፈን ፈቃድ አይጠይቅም» ትል ነበር። «በር አንኳኩቶ 'ልግባ ወይ?' አይልሽም። ገብቶ፣ ወንበር ስቦ፣ ተቀምጦ ነው የምታገኚው።»

ከዚህ እምነቷ የሱቁ ሕግ ወጣ። ቅዳሜ ጠዋት፣ ሕዝቡ ኳስ ሜዳ ከመሄዱ በፊት ሱቁን ሲሞላው፣ ሂልዳ አዲስ የመጣ ሸክላ ታወጣለች። ሽፋኑን ባንኮኒው ሥር ትደብቀዋለች፣ የባንዱን ስም አትናገርም፣ መርፌውን ታሳርፋለች። ዘፈኑ ሳያልቅ አንድ ሰው በእጁ የያዘውን ትቶ መጥቶ «ይሄ ማነው?» ካላት፣ አልበሙ መስኮት ላይ ይወጣል። ማንም ካልጠየቀ መርፌውን ታነሳለች፤ አልበሙም ኋላ ግድግዳው ሥር፣ ማንም የማያጎነብስበት ሣጥን ውስጥ ይገባል። ሁለተኛ ዕድል የለም። አንድ ጊዜ ከለንደን የመጣ አንድ ሻጭ ይህን ሰምቶ የሚስቱን ወንድም ከገዢዎቹ መሀል አቆመ። ሰውዬው ከመጨነቁ ብዛት መርፌው ሳይወርድ «ይሄ ማነው?» ብሎ ጠየቀ። ሂልዳ ሁለቱንም በጃንጥላዋ እያመላከተች አስወጣቻቸው፤ ሠፈሩ ሲስቅበት ከረመ።

እንግዲህ ይህች ሴት አንድ ልጅ አለቻት፤ ጂል። ጂል ያደገችው እዚያው ባንኮኒ ሥር፣ በሸክላ ካርቶን ላይ እየተኛች ነው። አድጋም ጊታር አነሳች፤ ሦስት ጓደኞቿን ይዛ፣ ሥራ ባቆመ የቢላዋ ፋብሪካ ውስጥ እየተለማመደች፣ «ሰባተኛው ምድጃ» የሚባል ባንድ አቋቋመች። በመጨረሻም አንድ ትንሽ ኩባንያ አልበም አስቀረጻቸው። የሙከራው ሸክላ ዐርብ ዕለት ደረሰ፤ ኩባንያው ደግሞ «ይታተም ወይስ የሚለወጥ አለ? እስከ ነገ ቀትር ንገሩን» ብሏል።

«እማዬ፣ ነገ ጠዋት አጫውችው» አለች ጂል እራት ላይ።

«አስበሽበታል?»

«አስቤበታለሁ። እንደማንም ሰው። እንዳታግዥኝ።»

«ካልጠየቁስ?»

«ሣጥን ውስጥ ትከቺዋለሽ።»

ሂልዳ የዓሣ ጥብሷን በሹካ አገላበጠች። ልጇ ዓይኗን ሳታሽ እንዲህ በማለቷ ኮርታለች፤ ፍርሃቷ ግን ከኩራቷ አያንስም ነበር። የልጇን ልፋት በገዛ እጇ ሣጥን ውስጥ መክተት አለ። ሕጉን ለልጇ ስትል ማጠፍም አለ፤ እሱማ ከፋ፤ ከዚያ በኋላ መስኮቱ ላይ የሚወጣውን ማን ያምነዋል?

ቅዳሜ ጠዋት ሱቁ ጢም አለ። ቀይ ሻርፕ የጠመጠሙትና ሰማያዊ የጠመጠሙት የሁለቱ ተቀናቃኝ ቡድኖች ደጋፊዎች እየተጓሸሙ ሸክላ ያገላብጣሉ። ክሌም ስታኒፎርዝ የሚባል ሽማግሌ እንደ ልማዱ ባንኮኒው ላይ በክንዱ ተደግፎ የፈረስ ውድድር ጋዜጣውን ያነባል። ክሌም ዕድሜውን ሙሉ የብረት ማቅለጫ ምድጃ ፊት የኖረ ጡረተኛ ነው፤ የመዶሻው ጩኸት ግማሽ ጆሮውን ወስዶበታል። ቅዳሜ ቅዳሜ የሚመጣው ለሙቀቱ እንጂ ለሙዚቃው አይደለም። አንድም ሸክላ ገዝቶ፣ አንድም ቀን ጠይቆ አያውቅም። ጂል ከኋላው መደርደሪያ ጀርባ ኮፍያዋን እስከ ቅንድቧ አውርዳ ቆማለች።

የሙከራ ሸክላ መሀሉ ላይ የሚለጠፈው ወረቀት ባዶ ነጭ ነው፤ የትኛው ገጽ አንደኛ እንደሆነ የሚታወቀው ሸክላው ላይ በተጫረች ደቃቅ ምልክት ብቻ ነው። ሂልዳ ደግሞ ቅዳሜ መነጽር አታደርግም፤ ያረጀሁ ያስመስለኛል ትላለች። ሸክላውን ወደ ብርሃኑ ዘንበል አድርጋ፣ ያየች መስላ፣ ማጫወቻው ላይ አስቀመጠችውና መርፌውን አወረደች።

ድራም ብቻውን ገባ። አንድ ሰው በሩን በቡጢ የሚመታ ይመስላል። ከዚያ ድራሙ ድንገት ቆመና የጂል ድምፅ ያለ ምንም አጃቢ ወጣ፤ ሻካራ፣ ቅርብ፣ ቁጣና ሳቅ የተቀላቀለበት። ቃሉን ሳትጨርስ ጊታሩና ቤዙ አንድ ላይ ወደቁባት። የባንኮኒው መስታወት ተንቀጠቀጠ።

ክሌም ክንዱን ከባንኮኒው አነሳ፤ መልሶ አሳረፈው። ከዚያ ጋዜጣውን አጠፈ። ክሌም ጋዜጣውን ሲያጥፍ ከዚያ ቀን በፊት ያየ ሰው በዚያ ሱቅ ውስጥ አልነበረም።

«ሂልዳ» አለ። «ይሄ ማነው?»

ሂልዳ አፏን ከፈተች። ያን ጊዜ ከኋላ መደርደሪያው ጂል ጮኸች።

«እማዬ! ኧረ ሁለተኛው ገጽ ነው! ተሳስተሻል!»

ሱቁ ሁሉ ዞረ። ጂል ኮፍያዋን አውልቃ ሰውን እየገፋች መጣች፤ ፊቷ ቲማቲም መስሏል።

«መክፈቻችን ይሄ አይደለም። ያኛው ነው። ስንት ቀን የለፋንበት፣ ኦርጋን ያለው!»

«ልጄ፣ ሰው ጠየቀ እኮ።»

«የጠየቀው የማይሆነውን ነው። ገልብጪው! ሕግ ሕግ ነው።»

ሂልዳ ገለበጠችው። አሁን ኦርጋን ቀስ እያለ፣ እያበጠ፣ እየተጠማዘዘ መጣ። ያምራል፤ አያምርም የሚል ውሸታም ነው። ግን ገና በር ላይ ቆሞ እግሩን ይጠርጋል። አንዱ ባለ ቀይ ሻርፕ ሰዓቱን አየ። አንዷ ሴት የዳቦ ከረጢቷን አስተካከለች። ጂል የሁሉንም ፊት በየተራ ስታይ፣ ሂልዳ ደግሞ የጂልን ፊት ስታይ፣ ዘፈኑ ወደ ማለቂያው ተጠጋ።

ያን ጊዜ የሠፈሩ ሰው አንጀቱ ተላወሰ። ባለ ዳቦዋ ሴት መጀመሪያ መጣች።

«ውይ፣ ይሄ ማነው ሂልዳዬ?» አለች እየተሽኮረመመች።

«እውነትም፣ ማነው?» አለ ባለ ቀይ ሻርፑ።

«ማነው? ማነው?» ሰማያዊዎቹም ተከተሉ፤ በዚያች ደቂቃ ቀዩና ሰማያዊው ለመጀመሪያ ጊዜ ተስማማ።

ሂልዳ ባንኮኒውን በመዳፏ መታችው።

«እንዴ! እያያችኋት ማን ናት ትላላችሁ? የምታውቁትን አትጠይቁኝ! ልጄ ምጽዋት አልለመነቻችሁም!»

ሰዎቹ አንገታቸውን ደፉ። ሂልዳ እጇን ወደ መርፌው ዘረጋች፤ እጇ ግን መንገድ ላይ ቀረ። ማንሳት ነበረባት፣ አቃታት። ጂል ባንኮኒውን ዞራ ገባችና ከእናቷ እጅ ቀድማ መርፌውን ራሷ አነሳችው።

«ደግነታችሁ ገደለኝ» አለች፤ ዓይኗ እንባ አቅርሯል፣ አፏ ግን ሊስቅ ምንም አልቀረውም። «ይሄኛው ወደ ሁለተኛው ገጽ ይሂድ። ጋሽ ክሌም የጠየቀው ይቅደም።»

«ጓደኞችሽስ?» አለች ሂልዳ።

«ጓደኞቼ ይጮኻሉ። ከዚያ ክሌም ጋዜጣውን አጠፈ እላቸዋለሁ፤ ዝም ይላሉ።»

በሩን በርግዳ ወጣች። ከሱቁ ፊት ለፊት ያለው የስልክ ቤት ውስጥ ገብታ ለኩባንያው ስትደውል በመስኮቱ ትታያለች፤ እጀታውን በትከሻዋ ይዛ በአንድ እጇ ሌላውን ጆሮዋን ደፍናለች፣ በሌላው ሸክላ እንደሚገለብጥ ሰው አየሩን ትገለብጣለች። ሂልዳ እያየቻት ቆመች። ይህችን ልጅ ካርቶን ላይ ያሳደግኳት እኔ ነኝ ብላ አሰበች፤ ደረቷም ሞላ። ሕጉን ያከበረችው ልጇ ነበረች፤ እሷማ እጇ መንገድ ላይ ቀርቶ ነበር።

ሰዉ ወደ ሸክላው መገላበጥ ተመለሰ። ክሌም ብቻ ከባንኮኒው አልተነቃነቀም።

«ሂልዳ፣ እኔ ጠይቄሽ ነበር።»

«አሁንማ ታውቃለህ፣ ክሌም።»

«ስጠይቅ አላውቅም ነበር። እኔ የጠየቅሁት በሕጉ ነው፤ መልሴን ስጪኝ።»

እውነቱን ነው። ለጠየቀ ሰው ሂልዳ የባንዱን ስም ብቻ ትናገራለች፣ ሽፋኑን ከሥር አውጥታ ታሳያለች፤ ከዚያ ሌላ አንድ ቃል ጨምራ አታውቅም። አሁን ግን ሽፋን የለም። ሸክላውን በሁለት እጇ ያዘችው፤ የባንዱ ስም ምላሷ ላይ ነበር።

«ልጄ ናት» አለች።

«ምን? ጮክ በይ፣ ጆሮዬ አይሰማም።»

«ልጄ ናት!» ብላ ጮኸች።

በሩ እንደተበረገደ ነበር። ከመንገዱ ማዶ፣ ስልክ ቤቱ ውስጥ፣ ጂል ጆሮዋን የደፈነችበትን እጅ አንስታ ዞረች።