ባና የለበሰው ተረኛ

አንድ ዓመት መስከረም መጨረሻ ላይ፣ ከደባርቅ በላይ ባለ የአንድ ሽማግሌ የገብስ ማሳ ውስጥ አሥር ሣጥኖች ተከልን። «ተከልን» ስል እኔ ተሸከምኩ፤ ለመመረቂያ ጥናቱ ከዩኒቨርሲቲ የመጣው ልጅ ቦታ አሳየ። ሣጥኖቹ ብርዱን ይለካሉ። ውርጭ ገብሱን የሚመታው በጥቅምትና በኅዳር ስለሆነ ባትሪያቸው እስከ አጨዳ መድረስ አለበት። ካልደረሰ ልጁ አይመረቅም። ትርፍ ባትሪ አልነበረውም።

የኔ ሥራ ጠዋት ጠዋት እየሄድኩ ሣጥኖቹ በቦታቸው መኖራቸውን ማየት ነበር። በቀረው ጊዜ ግጥም እጽፋለሁ። አንብብልን ያለኝ ሰው ግን አልነበረም።

ሽማግሌው የልጁ ማብራሪያ ስላልገባቸው እኔን ጠየቁኝ።

«እንደ ጽዋ ማኅበር ነው፣ አባቴ» አልኳቸው። «ወሬ ደባርቅ ድረስ መላክ ባትሪ ይጨርሳል። ስለዚህ በየማታው አንዱ ተረኛ ይሆናል። ዘጠኙ የለኩትን ለሱ ይሰጡታል፣ እሱ አጠቃሎ ይልካል። በማግስቱ የተሻለ ባትሪ የተረፈው ይተካዋል። ቀይ መብራት የሚያበራው ተረኛው ነው።»

«ይኸማ ደንበኛ ማኅበር ነው» አሉ። ኮራሁ።

ጥቅምት አጋማሽ ላይ ልጁ ላፕቶፑን ወደኔ አዞረው። «ተረኛ የሆነው ሣጥን ሁልጊዜ ከሌሎቹ ይሞቃል። ሥራ ሲበዛበት ይግላል ማለት ነው።» አዲስ ነገር አገኘሁ ብሎ ምዕራፍ ጀምሮለታል። ስድስት ገጽ ደርሷል።

አንድ ቀን ከወትሮው ቀድሜ፣ ጎህ ሲቀድ ማሳው ደረስኩ። ሽማግሌው ከአንዱ ሣጥን ላይ የበግ ጠጉር ባና እያነሱ ነው። ውርጩን አራግፈው ትከሻቸው ላይ ጣሉት።

«ምን እየሠሩ ነው፣ አባቴ?»

«ተረኛ አይደል? የዘጠኝ ማኅበርተኛ ወሬ ሲልክ የሚያድር ራቁቱን ይደር? አንተው አይደለህ የነገርከኝ?»

«በየማታው ነው የሚያለብሱት?»

«ተራው እስከዞረ ድረስ።»

በሦስተኛው ቀን ለልጁ ነገርኩት። ማሳው ድረስ መጥቶ ድንጋይ ላይ ተቀመጠ።

«መረጃዬ ተበላሸ» አለ።

«ምኑ ተበላሸ?» አሉ ሽማግሌው። «የለበሰው አንዱ ነው። ዘጠኙ ራቁታቸውን አድረዋል። ብርዱን እነሱን ጠይቃቸው።»

ልጁ ትንሽ አሰበና ስድስቱን ገጽ አጠፋ። ከዚያ ባና ማልበሱን እንዲተዉለት ለመናቸው።

«በኔ ማሳ ተረኛ ሆኖ በብርድ የሚያድር የለም» አሉት።

ባናው እስከ አጨዳ ድረስ በየማታው ዞረ። ልጁም በየጠዋቱ የተረኛውን ልኬት ሰረዘ። ገብሱ ሲታጨድ አሥሩም ሣጥኖች ይሠሩ ነበር።

ተመረቀ። ጥናቱ ውስጥ «የተረኛው ሣጥን ልኬት አልተካተተም» የሚል አንድ ዓረፍተ ነገር አለ። ለምን ብሎ የጠየቀው ሰው እንደሌለ ነግሮኛል።