መርፌዋ ቀድማ ያወቀችው ቃል

ዲላ ውስጥ ሬዲዮና ቴፕ የምጠግንባት አንዲት ጠባብ ክፍል ነበረችኝ። ሙያውን ያስተማረኝ ሰው የለም፤ እየፈታሁ፣ ያበላሸሁትንም መልሼ እየጠገንኩ ነው የለመድኩት። አባቴ ጪጩ አጠገብ ቡና አለው። በገበያ ቀን ወደ ዲላ ሲመጣ ደጃፌ ላይ ካለችው በርጩማ አረፍ ይል ነበር። ሁልጊዜ የምናወራው በጌዴኦኛ ነው።

አንድ ቀን ሦስት ደንበኞች ቆመው ሳሉ፣ «ይሄ የሳጥን ሥራ ይብቃህና ወደ ቡናው ና» አለኝ። ደገመው። ሠለሰው። ዞር አልኩና በአማርኛ፣ «አያገባህም!» አልኩት። ለምን በአማርኛ እንዳልኩት ያን ጊዜ አላሰብኩም። ቃሉ በቀላሉ ወጣ፤ ሲወጣም ምንም አልከበደኝም። አባቴ ጃንጥላውን አንስቶ ሄደ። በሚቀጥለው ገበያ አልመጣም፤ ከዚያ በኋላ በነበሩትም።

በጎረቤቱ ስልክ አስጠርቼው «ይቅርታ» አልኩት፣ አሁንም በአማርኛ።

«እሷን ለደንበኞችህ በል» ብሎ ዘጋው።

እውነቱን ነው። ዕቃ ባዘገየሁ ቁጥር፣ በቀን አሥር ጊዜ የምላት ቃል ናት።

በዚያ ሰሞን ሽፋኑ የተገነጠለ የእንግሊዝኛ መጽሐፍ መዝገበ ቃላት ይዤ አነብ ነበር። ሰው በልጅነቱ የሰማው የቁጣ ወይም የፍቅር ቃል፣ በኋላ በተማረው ቋንቋ ከሚሰማው ይልቅ መዳፉን ያልበዋል ይላል። ምክንያቱን የሚያብራራው ገጽ አብሮ ተገንጥሏል። ያላበው እጅ ኤሌክትሪክ በደንብ እንደሚያስተላልፍ ግን ከሥራዬ አውቃለሁ። ጠረጴዛዬ ላይ ያለችው ባለ መርፌ ቴስተርም የምትለካው ይህንኑ ነው።

መጀመሪያ የለካሁት ጎረቤቴን ልብስ ሰፊውን ነው። በልጅነቱ ከጉራጌ አገር የመጣ፣ ቀልደኛ ሰው ነው።

«ኢንጂነር፣ ልትገድለኝ ነው?»

«የባትሪ ድንጋይ ነው ጋሼ፣ አይሰማዎትም።»

እጁን በሳሙና አስታጥቤ አደረቅኩለት። ሽቦዎቹን ሁለት ጣቶቹ ላይ በፕላስተር አሰርኩ፤ በእጅ ከተያዙ ጫን ማለት ብቻውን መርፌዋን ያንቀሳቅሳታል። እስክትረጋ ጠበቅኩና በአማርኛ አንድ ስድብ እንዲናገር ጠየቅኩት። መርፌዋ ንቅንቅ አላለችም። ያንኑ በጉራጊኛ ሲለው ወደ ቀኝ ተፈናጠረች፤ እሱም በሳቅ ፈረሰ።

«እናቴ በዱላ እያባረረች የምትለኝ ናት!»

ሳቅም መርፌዋን ሊያንቀሳቅስ ስለሚችል፣ ሳይስቅ እስኪሆንለት አራት ጊዜ አስደገምኩት። በአራተኛውም ሄደች፤ ከመጀመሪያው ግን ያንሳል።

«የኔ መርፌ ትወጋለች፣ ያንተዋ ታሳብቃለች» አለ። «በል፣ ተራህ ነው።»

ሽቦዎቹን እኔ ጣቶች ላይ አሰረ። አባቴን ክፉ በተናገርኩበት ዕለት በሩ ላይ ቆሞ ሰምቷል።

«ይቅርታ በል።»

አልኩ። መርፌዋ ባለችበት ቆመች።

«አሁን ደግሞ በጌዴኦኛ።»

አፌን ከፈትኩ።

«እንዴ! ሄደች እኮ! ምንም ሳትል!»

አየኋት። ቃሉ ገና ጉሮሮዬ ውስጥ ነበር፤ እሷ ግን ሄዳለች። ቆይቼ ሳስታውስ፣ ያን ቃል ለአባቴ ያልኩት ሁለት ጊዜ ብቻ ነው፤ ሁለቱንም ልጅ ሆኜ፣ እያለቀስኩ። «አያገባህም»ንም ሞከርኩ። በአማርኛ መርፌዋ አልተንቀሳቀሰችም። በጌዴኦኛ ልለው ፈልጌ አቃተኝ። ደብተሬ ላይ «አልተለካም» ብዬ ጻፍኩ።

በማግስቱ በባጃጅ ጪጩ ሄድኩ። አባቴ ከቡናው ሥር አረም ይነቅላል። ቀና ብሎ አየኝና ሥራውን ቀጠለ። ይቅርታውን በጌዴኦኛ አልኩት። መሐል ላይ ድምፄ ተቆረጠና እንደገና ጀመርኩት።

አንድ አረም ነቅሎ ወረወረ። ሲመልስልኝ ግን በአማርኛ ነበር፣ ከነጋዴና ከቢሮ ሰው ጋር ብቻ በሚነጋገርበት።

«ችግር የለም። ሬዲዮኑ እምቢ አለ። በገበያ አመጣዋለሁ።»

ቅር አለኝ። እኔ በጌዴኦኛ ተናግሬ እሱ እንዴት በአማርኛ ይመልስልኛል? እያብሰለሰልኩ ተመለስኩ። ዲላ መግቢያ ላይ ነው ጉሮሮዬ ውስጥ ቀርቶ የነበረው ቃል ትዝ ያለኝ። አባቴም በአማርኛ የመለሰልኝ በጌዴኦኛ ስለከበደው እንደሆነ ገባኝ።

በገበያው ቀን መጣ። በርጩማዋ ላይ ተቀምጦ ሬዲዮኑን ሰጠኝ። ስከፍተው ድንጋዮቹ ተገልብጠው ገብተዋል። አባቴ ከልጅነቴ ጀምሮ ድንጋይ ሲቀይር አይቻለሁ፤ በጨለማ እንኳ አይሳሳትም።

«ምን ሆኖ ነው?» አለኝ፣ በጌዴኦኛ።

ድንጋዮቹን ሳልነካ ክዳኑን መልሼ ገጠምኩ።

«ጊዜ የሚወስድ ነው» አልኩት።

«አልቸኩልም» አለና ጃንጥላውን ግድግዳው ላይ አስደገፈው።