ከባሕር ዳር ያመጣሁት የእሳት በር

ማክሰኞ

ከደብረ ታቦር የተነሣሁት ለአንድ በር ስል ነው። የምሠራው ኑግ በሚጨመቅበት ዘይት ቤት ነው። ባለፈው ወር ከጭማቂው የሚተርፈው የፋጉሎ ብናኝ እሳት ያዘና ስምንት ሴቶች ወደ በሩ ሮጥን። በሩ የሚከፈተው ወደ ውስጥ ነበር። ተደራርበን ስለ ገፋነው ማንም ሊስበው አልቻለም። የተረፍነው ዘበኛው ከውጭ በትከሻው ገፍቶ እንደ ጆንያ ወደ ኋላ ስለ ጣለን ነው። የሞተ የለም፤ የእማማ ጥሩዬ ነጠላ ግን ግማሹ ነደደ።

ከመንግሥት መሥሪያ ቤት የመጡት ተቆጣጣሪ በሩን አዩና፣ "ወደ ውጭ የሚከፈት፣ ራሱን የሚዘጋ፣ ቁልፍ የሌለው የብረት በር ይግጠም። ዓርብ ስመለስ ካላገኘሁት ክፍሉን አሽጋለሁ" አሉ። ክፍሉ ከታሸገ ስምንታችንም ሥራ የለንም።

በሩ ባሕር ዳር ታዞ ነበር። ኃላፊያችን እንዳመጣው እኔን መረጡኝ። ስድስተኛ ክፍል ስለ ጨረስኩ ወረቀት አነባለሁ፤ ደግሞም "እሷ መንገድ ላይ ወሬ አትይዝም" አሉ። እውነታቸውን ነው። ከማላውቀው ሰው ጋር ስነጋገር የማየው ጫማዬን ነው።

አውቶቡሱ ቁልቁል እየተጠማዘዘ ፎገራ ሜዳ ሲደርስ ሙቀቱ ሹራቤን አስወለቀኝ። ወረታ ላይ በስሙኒ ሻይና ፓስቲ ቀመስኩ። ከሰዓት በኋላ ባሕር ዳር ገባሁ።

በሩን የሠሩት በያጅ ጋሼ ደምሴ ከነመቃኑ አቁመውት ጠበቁኝ። ከፍተው ሲለቁት ወፍራም ሞላ መልሶ ይዘጋዋል። ደስ አለኝ፤ ግን በውጭ በኩል ሁለት የጓጉንቸር ቀለበቶች፣ አንዱ በበሩ አንዱ በመቃኑ ላይ፣ ተበይደዋል።

"ይኼ ትእዛዙ ላይ የለም፤ በነፃ የጨመርኩት ነው" አሉ። "እንዲህ ያለ በር ያለ ቁልፍ ሰድጄ ሰው ምን ይለኛል?"

ያስወግዱት ማለት ነበረብኝ። "እግዜር ይስጥልኝ" አልኩና ወረቀቱን ፈረምኩ። አክስቴ ቤት እስክተኛ ድረስ ራሴን ስሰድብ አመሸሁ።

ረቡዕ

በሩ በጭነት መኪና ተጫነ፤ እኔም ከሌሎች ተሳፋሪዎች ጋር እላዩ ላይ ተቀመጥኩ። ኬላው ላይ ጠባቂው የይለፍ ወረቀቴን ሁለት ጊዜ አነበበ።

"ጓዲት፣ እዚህ ያለው ያንቺ ስም ነው። የበሩ የታለ?"

ጫማዬን አየሁ። ሾፌሩ፣ "በሩ ከእሷ ተለይቶ አይሄድም፤ በእሷ ወረቀት አሳልፈው" አለው። አሳለፈን።

ወረታ ስንደርስ ጎማ ተነፈሰ። ዕቃው ሲወርድ በሩን ከመኪናው ጎን አቆሙት። አንድ ዱላ የያዙ ሽማግሌ ገበሬ መጡና በሩን ኳ ኳ አደረጉ።

"ቤቶች፣ እንደምን ዋላችሁ?"

ተሳፋሪው ሁሉ ሳቀ። ሽማግሌው ከፍተው ሲለቁት በሩ ተወርውሮ ተዘጋ። "ይኼ በር እንግዳ አይወድም። ሲከፈት በሰው ላይ ይመጣል፤ ሲዘጋም ሰው አይጠብቅም" አሉ።

"አባቴ፣ የተሠራው ለሚገባ ሰው አይደለም" አልኩ። ድምፄን ስሰማ እኔው ደነገጥኩ።

"ታዲያ ለማን ነው?"

"ለሚሸሽ ሰው። እሳት ሲነሣ ሰው ይገፋል እንጂ አይስብም።"

አሰብ አደረጉና ቀለበቶቹን በዱላቸው ነካ ነካ አደረጓቸው። "ይኼስ? የሚታሰረው ሸሺው ነው እሳቱ?"

እስከ ደብረ ታቦር ድረስ ቀለበቶቹን ሳይ መጣሁ።

ሐሙስ

ግንበኛው በሩን ገጥሞ እንደ ጨረሰ የንብረት ክፍሉ ጋሼ ውቤ መጡ። ቁልፎቻቸውን ሁሉ ወገባቸው ላይ ነው የሚያስሩት። ትልቅ ጓጉንቸር ከፍተው አንዱ ቀለበት ላይ አንጠለጠሉ።

"የመንግሥት ንብረት ሳይቆለፍ አይውልም" አሉ።

"ተቆጣጣሪው ቁልፍ አይኑረው ብለዋል" አልኩ።

"ምን አልሽ?"

"ምንም። እስቲ ገብተው ከውስጥ ይዩት።"

ገቡ፤ በሩም ከኋላቸው ራሱን ዘጋ። ጓጉንቸሩን በሁለቱም ቀለበቶች አሳልፌ ተጫንኩት። ቀጭ አለ።

"ልጄ፣ በሩ እምቢ አለኝ።"

"ተቆልፎ ነው፣ ጋሼ። እሳት ተነሥቷል እንበልና ነው።"

"እሺ፣ ገባኝ። ክፈችው።"

"ቁልፉን ይስጡኛ።"

ከዚያ ወገባቸው ላይ ያሉት ቁልፎች ሲንኳኩ ተሰማኝ። እኔም ይህን አላሰብኩትም ነበር። ጢስ እንዳያሳልፍ ተብሎ በሩ ሥር ቁልፍ የሚያሾልክ ክፍተት የለም። መስኮቱም ወንፊት ሽቦ ነው። ሴቶቹ ተሰበሰቡ፤ እማማ ጥሩዬ አፋቸውን ወደ ሽቦው አስጠጉ።

"ውቤ፣ ጢሱ አንተ ጋ ደርሷል ወይስ ገና ነው?"

"ቀለበቱን ቁረጡት" አሉ ጋሼ ውቤ ከውስጥ።

"በፊርማዎ?" አለ ግንበኛው። ፈርቶ ነው።

"በፊርማዬ።"

በብረት መጋዝ እስኪቆረጥ ብዙ ቆየ። ሲወጡ አልተቆጡኝም፤ ላባቸውን ጠርገው ጓጉንቸሩን መዝገብ ላይ ተመላሽ ብለው ጻፉ።

ዓርብ

ተቆጣጣሪው በሩን በአንድ ጣት ገፉት፤ ተከፈተ። ለቀቁት፤ ተዘጋ። የተቆረጠውን ቦታ አይተው "ምን ነበር?" ሲሉ ጋሼ ውቤ ቀደሙኝ፤ "ንብረት ክፍል ያስወገደው ነው" አሉ። ክፍሉ አልታሸገም።

ከዚህ ጉዞ የተማርኩት የበርን ነገር ውስጥ ቆሞ ማሰብ እንደሚሻል ነው። እንዲሁም በበያጁ ፊት አፍሬ ያልተናገርኳት አንዲት ቃል በሩን ጋሼ ውቤ ላይ እንዳስቆለፈች ነው።

ማታ ቤት ስገባ እናቴ እግሬን እያጠበች፣ "ባሕር ዳር ደርሰሽ መጥተሽ እስካሁን አላወራሽኝም፤ እስቲ ጣና እንዴት ነው?" አለችኝ።

ጣናን አላየሁትም። በሩ ሲጫን ሐይቁ አጠገባችን እንደ ነበረ ሾፌሩ ነግሮኛል።

"ከበሩ ጀርባ ነበር" አልኳት።