ሰባት ቤት ከእንግሊዝ ጋር

ልጄን ሊያገባ የፈለገው ልጅ የእንግሊዝ ዘር ነው። "ሽማግሌ ካልላከ ልጄን አልሰጥም" አልኩ። ባለቤቴ ሳቀችብኝ፤ "ደግሞ ከእንግሊዝ ጋር ዝምድና እንዳይኖር ሰባት ቤት ልትቆጥር ነው?" አለች።

"አዎ፣ እቆጥራለሁ!" አልኳት በእልህ። እውነቱን ለመናገር ያንገበገበኝ ሌላ ነበር። እዚህ ሜልበርን ስታገባ ስሜ ከስሟ ላይ ተነቅሎ የባሏ ቤተሰብ ስም ሊለጠፍባት ነው። በእኛ አገር እኮ ሴት ልጅ ብታገባም በአባቷ ስም ነው የምትጠራው።

ቅዳሜ ከሰዓት የልጁ አባት ራሳቸው ሽማግሌ ሆነው ፉትስክሬይ ሰፈር ወዳለው ቤታችን መጡ። ጎረቤት ሰፈር ያራቪል የሚኖሩ ጡረተኛ አስተማሪ ናቸው። ልጃቸው ወጉን አስጠንቷቸው ኖሮ ከረባት አስረው፣ ወፍራም ፋይል በብብታቸው ይዘው፣ ይቀመጡ እስክላቸው ድረስ ቆመው ጠበቁኝ። ደስ አሉኝ።

ፋይሉን ከፈቱት። የቤተሰብ ስማቸው እንግሊዝ አገር ከነበረች አንዲት ሚጢጢ መንደር የመጣ ነው አሉ። በድሮ ጊዜ ባለርስቱ በግ ማርባት አማረውና ገበሬውን አባረረ። መንደሯ ጠፋች፤ የተባረሩት በየደረሱበት በመንደሯ ሲጠሩ ስሟ ብቻ ተረፈ። "ዛሬ በዚህ ስም የምንጠራው ሰዎች እርስዎ የሚነዱትን ባስ እንኳ አንሞላም" አሉኝ። አንቱታው የኔ ጭማሪ ነው፤ እንግሊዝኛ የት ያውቀዋል!

ከዚያ ጉሮሯቸውን ጠረጉና "ልጅዎ ስማችንን ትወስድልን ይሆን?" አሉ። ደሜ ፈላ። አፌን ሳልከፍት አጠገቤ የተቀመጠችው ልጄ ቀደመችኝና በእንግሊዝኛ "የአባቴን ስም አልለቅም" አለቻቸው። እልል ልል ምንም አልቀረኝም! የሰውዬውን ፊት ሳይ ግን አንጀቴን በሉት።

"የእርስዎስ ስም ከየት መጣ?" አሉኝ ቀስ ብለው።

"ከኔ ይጀምራል፣ ከልጄ ጋር ያበቃል። የልጆቿ የአባት ስም ባሏ ነው። የቀደሙትን ግን በቃላችን እንይዛቸዋለን" አልኩ።

"እስቲ ይጥሯቸው" ብለው እስክሪብቶ አወጡ።

እየጎረርኩ ጀመርኩ። አባቴ፣ አያቴ፣ ቅድመ አያቴ፣ የሱ አባት... አምስተኛው ላይ ድርቅ! ባለቤቴ ሳቋን ለመደበቅ ጣራ ጣራውን ታያለች። ምን ላድርግ፣ ደሴ ላለችው ታላቅ እህቴ ደውዬ ጉዴን ነገርኳትና ስፒከር ላይ አደረግኳት።

"አንተ የማታፍር! የገዛ አባቶችህን ረስተህ ነው የሰው ዘር የምትጠይቀው?" ብላ ካዋረደችኝ በኋላ ሰባቱንም አከታትላ ጠራቻቸው። ሰውዬው ፋይላቸው ላይ ጻፉ።

ለሁሉም ነገር በእንግሊዝኛ የምትመልስልኝ ልጄ ስልኩን ከእጄ ወሰደች። "አክስቴ፣ ቀስ ብለሽ ድገሚልኝ" አለቻት፣ በአማርኛ። እህቴ ደገመችላት። ልጄ ከንፈሯን እያንቀሳቀሰች አብራ ጠራቻቸው፤ ከዚያ ወደኔ ዞረች።

"አባዬ፣ እነዚህን ሁሉ ለምን እስከ ዛሬ አልነገርከኝም?"

ለገዛ ስሜ ስሟገት የከረምኩት ሰውዬ ወደ ስልኩ ጠጋ ብዬ "እህቴ፣ ለኔም አንዴ ድገሚልኝ" አልኩ።