ሁለት ድንጋይ ከዓባይ በረሃ

የያዙኝ ካዛንቺስ ታክሲ ስጠብቅ ነው። ከተማው የታወከበት ሰሞን ነበር፤ ወጣት የተባለ ሁሉ በየመንገዱ ይፈተሻል። አንዱ ፖሊስ የቦርሳዬን ዚፕ ከፍቶ እጁን ሰደደ። ያወጣው ሁለት ድንጋይ ነው። ጓደኛውን ጠርቶ አሳየው።

«አስተማሪ ነኝ፣ ለክፍል ነው» አልኩ። የሰማኝ የለም። እኔን ከፒክአፑ ኋላ ጫኑኝ፤ ድንጋዮቹ ጋቢና ገቡ።

ፖሊስ ጣቢያ ያጎሩኝ ክፍል ውስጥ ቀድሞ የተቀበለኝ ሽታው ነው። ላብ፣ እርጥብ ጫማ፣ ጥግ ላይ ያለው የሽንት ባልዲ። ሰው ሁሉ እግሩን ሰብስቦ ተቀምጧል። የት እንደማርፍ ጠፍቶኝ ስቆም፣ ካፖርት የለበሱ ሽማግሌ ጠጋ አሉና «ና ልጄ፣ እዚህ ቦታ አለ» አሉኝ። ቦታስ አልነበረም፤ የራሳቸውን ከፍለው ነው የሰጡኝ።

ሁሉም አባባ ነው የሚላቸው። ላንቻ ትንሽ ሱቅ ነበረቻቸው። ፖሊሶች ወንድ ልጃቸውን ፈልገው ሲያጡት እሳቸውን አመጧቸው፤ እሱ ሲያዝ ትወጣለህ ብለዋቸዋል።

«ይመጣል ብለው ያስባሉ?» አልኳቸው።

«እንዳይመጣ ነው የምጸልየው» አሉ።

ከጥቂት ቀናት በኋላ የጠራኝ መርማሪ በእኔ ዕድሜ የሚሆን ሰው ነው። ድንጋዮቹን ጠረጴዛው ላይ ደርድሯቸዋል።

«ማንን ልትመታበት ነበር?»

ጂኦግራፊ እንደማስተምር፣ ከዓባይ በረሃ እንዳመጣኋቸው ነገርኩት። ሁለቱም ከደለል የተሠሩ ናቸው፤ አንዱ የአሸዋ ድንጋይ፣ ሌላው የኖራ ድንጋይ፤ ተማሪዎቼ እንዲያነጻጽሯቸው ነው የያዝኳቸው አልኩት።

«ምንድነው ልዩነቱ? ሁለቱም ራስ ይፈነክታል።»

«ሎሚ ቢኖር አሳይዎት ነበር።»

«ጁስ ቤት መሰለህ እንዴ?» አለና ወደ ክፍሌ መለሰኝ።

ይህን ሳወራላቸው ክፍሉ በሙሉ ሳቀ። አባባ ግን አልሳቁም። ከካፖርታቸው ኪስ በመሐረብ የተጠቀለለች አንዲት ሎሚ አወጡ። ሴት ልጃቸው ከስንቅ ጋር ያስገባችላቸው ናት። ሆዳቸው ምግብ አልቀበል ሲል፣ የባልዲውም ሽታ ሲብስ፣ አፍንጫቸው ላይ ይዘዋት ዓይናቸውን ጨፍነው ሲተነፍሱ አያቸው ነበር።

«አይሆንም አባባ፤ እርስዎ በምን ሊቆዩ ነው?»

«እኔ ለነሱ የማሳያቸው ነገር የለኝም። አንተ አለህ። ያዝ።»

መርማሪው ዳግም ሲጠራኝ «በጣትዎ ይዳስሱት» አልኩት። የአሸዋ ድንጋዩ ሻከረው፤ ጥቂት ብናኝ ጣቱ ላይ ቀረ።

«ወንዝ ያመጣው አሸዋ ነው። ላዩ ላይ ሌላ እየተጫነው ተጣብቆ ደነደነ። ይሄ ለስላሳው ደግሞ የባሕር እንስሳት ዛጎል ነው፤ ደቅቆ፣ ተከማችቶ።»

«ባሕር? ዓባይ በረሃ ላይ?»

«ድሮ ባሕር ነበር።»

ሎሚዋን በጥርሴ ቀድጄ ጨመቅኩ። የአሸዋ ድንጋዩ ዝም ብሎ ጠጣው። የኖራውን በጠረጴዛው መሳቢያ ቁልፍ ፋቅ አድርጌ ጠብ ሳደርግበት ግን ጥቃቅን አረፋ ፈላ። መርማሪው ጎንበስ ብሎ ጆሮውን አስጠጋ።

«እስቲ ድገመው» አለ።

ደገምኩለት። ክፍል ውስጥ ሳስተምር የሚሰማኝ ደስታ እዚያ ወንበር ላይ መጣብኝ። ሎሚዋ የማን እንደሆነች ትዝ ሲለኝ ደስታው ጠፋ።

በዚያው ቀን ከሰዓት በኋላ ጠባቂው በሩን ከፍቶ «ዕቃህን ይዘህ ውጣ!» አለኝ። ሰው አጨበጨበ። አባባ ጉልበታቸውን ስለሚያማቸው ለወትሮው ሰው ደግፎ ነው የሚያነሳቸው። ያን ዕለት ግድግዳውን ይዘው ብቻቸውን ተነሱ። የካፖርታቸውን ቁልፎች እስከ አንገታቸው ቆለፉ። በተቀመጠው ሰው መሀል እየተሻገሩ እስከ በሩ መጡ።

«ምንም ሳንጋብዝህ» አሉኝ።

«በል ሽማግሌ፣ ተቀመጥ!» አላቸው ጠባቂው።

«እንግዳ እየሸኘሁ ነው» አሉት። በሩ እስኪዘጋ ድረስ ቆመው ነበር።

በዚያው ሳምንት ምሳ ቋጥሬ ተመለስኩ። በር ላይ ያለው ፖሊስ «ለማን ነው?» አለኝ።

«አንድ ትልቅ ሰው ናቸው፣ ካፖርት የለበሱ፣ ጉልበታቸውን የሚያማቸው...»

«ስም?»

ስማቸውን አላውቅም። እዚያ ውስጥ ስም የሚጠይቅ ሰው ጆሮ ጠቢ ነው ተብሎ ይጠረጠራል፤ ስለዚህ ማንም ማንንም አይጠይቅም። «ስም ከሌለህ ሰልፉን አታጨናንቅ» አለኝ። ከኋላዬ ስንቅ የያዙ ሴቶች ቆመው ነበር። ከመካከላቸው አንዷ ልጃቸው ትሆን ይሆን ብዬ ፊታቸውን አየሁ። የየትኛዋም ፊት አልነገረኝም።

ላንቻም ሄጄ ሱቅ ለሱቅ ጠየቅሁ። «ልጃቸው የሚፈለግ፣ እሳቸው የታሰሩ ሰው» ስል ሁሉም ፊቱን ያዞራል። አልፈርድባቸውም። ማን እንደላከኝ በምን ያውቃሉ?

ዛሬ ጸጉሬ ሸብቷል። በላንቻ ባለፍኩ ቁጥር አንዱ ሱቅ ገብቼ የማልፈልገውን ነገር እገዛለሁ፤ ክብሪት፣ ሳሙና። ባለሱቋ በዕድሜ የምትቀርበኝ ሴት ከሆነች፣ አባትሽ ደህና ናቸው ወይ ማለት ያምረኛል። ቃሉ አፌ ላይ ይደርስና ይመለሳል።

«ሌላስ?» ትለኛለች።

«በቃ» እላለሁ።