እንዳይሰማን

ከል የለበሱት እናት ከእንዳ ኢየሱስ ዳገት አንድ የጌም ኮምፒውተር እንደ ሕፃን በነጠላቸው አዝለው ወረዱ። የኤሌክትሪክ ገመዱ እጃቸው ላይ ተጠምጥሟል። ያገለገለ ዕቃ ነጋዴው ሙነወር ተቀብሎ ጎኑን ፈታው፤ ውስጡ በአቧራ ታፍኗል፣ ብረቱም እንደ በረዶ ቀዝቅዟል።

"አደይ፣ ማን ይጫወትበታል?"

"ልጄ ከሄደ ወዲህ ማንም አልነካው" አሉ፣ ሳጥኑን ቸብ ቸብ እያደረጉ።

"ግራፊክስ ካርዱ ደህና ነው። ዋጋው..." ሲል በእጃቸው አስቆሙት።

"በጆሮዬ ንገረኝ፣ ወደይ፣ የኔ ልጅ። እንዳይሰማን።"

ሙነወር ሳቁን ዋጥ አድርጎ አንሾካሾከላቸው። ሳይሸጡለት፣ ሳይከራከሩም፣ ለማዘል ጀርባቸውን ሰጡት። መልሶ ሊያሳዝላቸው ሲያነሳው ግን ሳጥኑ ትኩሳት እንደያዘው ልጅ እጁን አቃጠለው።

"ሰማ" አሉ፣ ነጠላቸውን እያጠበቁ። "አሁን ማን ያስተኛልኛል?"